የሐይቁ ጨረታና የያርጋል እኅት

አልጣሽ የዳባት ልጅ ናት። አባቷ ሲሞቱ ገና ፊደል አልቆጠረችም፤ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ያርጋል ነው። ያርጋል ትምህርቱን አቋርጦ ድንጋይ ጠረባ ገባ። ከጠራቢነት ወደ ግንበኝነት፣ ከግንበኝነት ወደ ሥራ ተቋራጭነት እየተሻገረ እኅቱን ጎንደር ልኮ አስተማረ። እሷም ተመርቃ ደባርቅ ከተማ ማዘጋጃ ቤት በግዥ ባለሙያነት ተቀጠረች፤ እዚያው አገባች፣ እዚያው ወለደች። ወንድሟ ለፋሲካ በግ አስጭኖ ካልመጣ በዓሉ በዓል አይመስላትም ነበር። የሚያውቋቸው ሰዎች «አባትና ልጅ ናቸው» ይሏቸዋል።

በከተማው መናፈሻ መካከል አንድ ሐይቅ አለ። ሐይቅ ይባል እንጂ ድሮም ከትልቅ ኩሬ አይበልጥም፤ ቢሆንም ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡት እዚያ፣ ጡረተኞች ፀሐይ የሚሞቁት እዚያ ነበር። ከላይ ካለው ተዳፋት የሚወርደው ጎርፍ ግን ዓመት በዓመት ደለል እያመጣ ሞላው። ክረምት በገባ ቁጥር ውኃው እየገነፈለ ሰው ግቢ መግባት ጀመረ። በመጨረሻ በጀት ተገኘና ሐይቁን የሚያድስ ሥራ ተቋራጭ ለመምረጥ ጨረታ ወጣ። ከገምጋሚዎቹ አንዷ አልጣሽ ሆነች።

መስፈርቱን ያረቀቀችውም ራሷ ናት። ሐይቅ ማደስ ግድግዳ እንደማቆም አይደለም፤ ደለሉ ሲወጣ ዳሩ እንዳይናድ፣ የጎርፉ መግቢያና መውጫም በልኩ እንዲሠራ የውኃን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ተወዳዳሪው ከዚህ ቀደም ግድብ፣ ኩሬ ወይም የመስኖ ቦይ ሠርቶ ያስረከበ እንዲሆን ጻፈች። ያን ስትጽፍ ወንድሟ በሐሳቧም አልነበረም። ያርጋል የሚታወቀው በትምህርት ቤትና በአጥር ሥራ ነው።

ፖስታዎቹ በሚከፈቱበት ጧት ተጫራቾች አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ያርጋል ገብቶ ከኋላ ወንበር ያዘ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ኢንጂነር ቃለ አብ አንዱን ፖስታ አንሥቶ ስሙን አነበበ። አልጣሽ ብድግ አለች።

«ይቅርታ፤ አቶ ያርጋል ወንድሜ ነው። እዚህ መቀመጥ አልችልም።»

ቃለ አብ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ በዝግታ፣ «እኛ እኮ እናውቅሻለን። ለእሱ ነጥብ ሳትሰጪ ብትቀመጪ ማን ምን ይልሻል?» አላት።

«የሚል አይጠፋም። ቢጠፋም አልቀመጥም» ብላ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። በቦታዋ ሌላ ሰው ተተካ።

ያርጋል በቴክኒክ ውድድሩ ወደቀ። የዋጋ ፖስታው እንደታሸገ ተመለሰለት። ያሸነፈው የመስኖ ቦዮች የሠራ፣ ከባሕር ዳር የመጣ ድርጅት ነው።

ውጤቱ በተለጠፈ ዕለት ያርጋል እኅቱ ቤት ሄደ። ግባ ብትለው ከደጁ አላልፍም አለ።

«መውደቄ አይደለም የከነከነኝ» አላት። «ጨረታ ወድቄ አላውቅም? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብድግ ብለሽ ስትወጪ ግን እንደ ሌባ ቆጠርሽኝ።»

«እንደ ወንድም ቆጠርሁህ እንጂ። ባዳ ብትሆን ቁጭ እል ነበር።»

«ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ሲባል አልሰማሽም? ብትቀመጪ አንድ ቃል ትናገሪልኝ ነበር።»

«ወንድምዓለም፣ ብቀመጥማ የምጥልህ እኔው ነበርሁ።»

«ይችን ባትነግሪኝ ይሻል ነበር» አለና ሄደ።

ያን ዓመት ለፋሲካ አልመጣም። የቤተሰቡ ሽማግሌ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ነገሩን ሰምተው አልጣሽን አስጠሯት።

«ልጄ፣ ያሳደገሽ ሰው እግር ላይ ብትወድቂ ምን ይጎድልብሻል?» አሏት።

«አባቴ፣ ስላሳደገኝ ከሆነ እወድቃለሁ። ስለ ጨረታው ከሆነ ግን እርስዎም አይጠይቁኝ።»

«ሁለቱን መለየት ለእሱ ይከብደዋል።»

«ለእኔም ይከብደኛል» አለች።

መሪጌታው ከዚህ በላይ አልገፉም። በዚያው ሰሞን ለስልጠና ወደ ጎንደር ስትሄድ መኪናው ዳባት ላይ ቆመ። የወንድሟ ቤት ከመንገዱ ይታያል፤ በሩ ክፍት ነበር። ሹፌሩ «ወራጅ አለ?» ሲል ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።

የሐይቁ ሥራ ከባሕር ዳር የሚያመጣው መንገድ ሲዘጋ እየቆመ፣ ሲከፈት እየቀጠለ እስከ ክረምት ደረሰ። ደለሉ ወጣ፤ ዳሩ በድንጋይ ተገነባ። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የወረደ ዶፍ ግን የምሥራቁን ዳር ግንብ ከነአፈሩ ናደው። ከተማው ወሬ አገኘ፤ «የአገሩን ልጅ ጥለው የሩቁን ሲያመጡ ይሄው!» ተባለ። አልጣሽም መንገድ ላይ በሰማች ቁጥር ሳትቆም ታልፍ ነበር።

በገበያ ቀን ያርጋል ደባርቅ መጣና ወደ መናፈሻው ወረደ። አልጣሽና ቃለ አብ ከድርጅቱ ፎርማን ጋር ጉዳቱን እያዩ ነበር፤ ዙሪያውን ሰው ከቧቸዋል። ያርጋል ለማንም ሳይናገር ጭቃው ውስጥ ገብቶ የተናደውን ቦታ ተመለከተ። ታደለ የሚባል ነጋዴ ከዳር ሆኖ ጮኸ፤

«ያርጋል! የአንተ ግንብ ቢሆን ይናድ ነበር?»

ሰው ሁሉ ወደ ያርጋል ዞረ። አልጣሽ መሬት መሬቱን አየች።

«የእኔማ ቢሆን ከነሥሩ ይነቀል ነበር» አለ ያርጋል። «ውኃ ከኋላ ሲገፋ እንዴት እንደሚያዝ እኔ አላውቅም። እነዚህ እንኳ እያወቁት አመለጣቸው።»

ከጭቃው ወጥቶ ወደ እኅቱ ዞረ። «ውሉ እንዲጠግኑት ያስገድዳቸዋል?»

«ያስገድዳቸዋል።»

«በይ እንግዲያ አትልቀቂያቸው።»

የዚያን ቀን ምሳ አብረው በሉ። ስለ ገብሱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ መሪጌታው የጉልበት ሕመም አወሩ፤ ጨረታውን ግን ሁለቱም አላነሡትም። ድርጅቱ ዳሩን ክረምቱ እንደወጣ በራሱ ወጪ ጠገነ፤ ሐይቁም ውኃ ያዘ።

ያርጋል አሁንም በየበዓሉ ይመጣል። ደረስጌ ላይ የትምህርት ቤት ሥራ አግኝቶ ጨርሷል። ደባርቅ ውስጥ ግን እኅቱ ባለችበት ጨረታ ዳግመኛ ገብቶ አያውቅም። ቅያሜ ይሁን ጥንቃቄ እሷም አልጠየቀችው፣ እሱም አልነገራት።