ግማሽ የተቀባ ራስ

የመጡብኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፀጉሬን ሪላክሰር እየተቀባሁ ሳለ ነው።

ያኔ እኔና ታላቅ እህቴ የምንኖረው ፒያሳ፣ ከሰባ ደረጃ ብዙም በማይርቅ አሮጌ ቤት ነበር። የእንጨት ወለሉ ሲረገጥ ይንቋቋል፤ በረንዳው ላይ ሲቆሙ የወርቅ ቤቶቹ መስተዋት ከታች ያብለጨልጫል። አልፎ አልፎ አንዱ ቅዳሜ የፀጉር ይሆናል። እሷ እኔን ያን ከርዳዳ ፀጉር የሚዘረጋ መድኃኒት ትቀባኛለች፣ እኔ እሷን አጥባታለሁ። እህቴ ፀጉሯን ሪላክሰር አስነክታው አታውቅም፤ ውኃ ሲነካው ተጠቅልሎ የሚነሳ፣ ቅቤና ሚዶ ብቻ የሚያውቅ ከርዳዳ ፀጉር ነው ያላት። የኔን «ሰነፍ ፀጉር» ትለዋለች። ሥሩ ሲያድግ ግን ከኔ ይልቅ የምትጨነቀው እሷ ነበረች።

«አዲሱና አሮጌው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው የሚሰበረው፤ በማበጠሪያ አትጎትቺው» ትለኛለች።

ያን ቀን ግንባሬንና ጆሮዬን ቫዝሊን ቀባችኝ፤ ጓንት አጠለቀች፤ ፀጉሬን መሃል ለመሃል ከፍላ በግራ በኩል ጀመረች። ቀኝ ጎኑን ልትጀምር ስትል በሩ ተንኳኳ።

ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ የደንብ ልብስ የለበሰው አንዱ ብቻ ነው። አለቃቸው ወረቀት ዘርግቶ አሳየኝ። ስለ ሰፈራችን መፍረስ ጽፌ ያሰራጨሁትን ጽሑፍ ጠቅሶ ለጥያቄ እንደምፈለግ ነገረኝ። ድምፁ ቁጡ አልነበረም።

«ትታጠብና ትምጣ» አለች እህቴ። «ጌታዬ፣ ይሄ ጠንካራ መድኃኒት ነው፤ ከቆየ ያቃጥላል። ለቅለቅ ላድርጋትና ይዘዋት ይሂዱ።»

«እዚያ ትታጠባለች።»

«እዚያ ውኃ አለ?»

«ሴትዮ፣ ጣቢያ ነው እኮ የምንወስዳት፣ በረሃ አይደለም።»

ስልኬንና ኮምፒውተሬን ያዙ። እህቴ ራሴን በፌስታል ሸፍና በላዩ ፎጣ ጠቀለለችልኝ። ስታቅፈኝ ጓንቱን አላወለቀችም ነበር። ልብሴን እንዳታበላሽብኝ እጆቿን ከጀርባዬ ራቅ አድርጋ አየር ላይ ይዛቸው፣ በክርኖቿ ብቻ አጥብቃ ያዘችኝ።

መኪናው ውስጥ መጀመሪያ የተሰማኝ ለብ ያለ ሙቀት ብቻ ነበር፣ ፀሐይ የሞቀው ትራስ ላይ ራስን እንደማሳረፍ። ፒያሳን በመስኮት አየኋት። አንድ ኬክ ቤት በር ላይ ሙሽራ ቀሚሷን ሰብስባ ቆማለች፤ የታክሲ ረዳት «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» እያለ ይጣራል፤ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሁሉም ነገር ከውኃ ሥር ያለ ይመስል ነበር። ድምፁ ይርቃል፣ እንቅስቃሴው ይዘገያል። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ የመድኃኒቱ ሽታ አስቸግሮት መስኮቱን ከፈተ።

ጣቢያ ስንደርስ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። መዝጋቢው ስሜን፣ የአባቴን፣ የአያቴን ስም ጠየቀኝ። እስክሪብቶው አልጽፍ ብሎት ሌላ ፍለጋ ሄደ። ሙቀቱ ጉንዳን ሆነ፤ ጉንዳኑ እሳት ሆነ።

«ራሴን ልታጠብ» አልኩት ሲመለስ። «እየተቃጠልኩ ነው።»

ቀና ብሎ ፌስታሉን አየ። «ምን ሆነሽ ነው?»

«መድኃኒት ተቀብቼ ነው።»

«ሐኪም ሰኞ ነው የሚመጣው» አለኝ። ማሾፉ አልነበረም፤ የሐኪም መድኃኒት መስሎት የምሩን ነበር የመለሰልኝ። ወደ መዝገቡ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አላስታውስም። ኮሪደሩ ረዘመ። ከአንገቴ ጀርባ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ሲወርድ ይሰማኛል፤ ክሬሙ ይሁን ላብ መለየት አቃተኝ። አንዲት ሴት ፖሊስ ክንዴን ይዛ አስነሳችኝ፤ የብረት በር ተከፈተ።

የሴቶቹ ክፍል ረጅምና ጠባብ ነበር። ከፍ ብላ የተበጀች አንዲት መስኮት አለች፤ በእሷ የገባው የከሰዓት ፀሐይ ግድግዳው ላይ ማር የመሰለ ብርሃን አፍስሷል። ከውጭ ካለ አንድ ዳቦ ቤት የትኩስ ዳቦ ሽታ ይመጣል። ፍራሾቹ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። በኋላ እንደተረዳሁት ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሴቶች በፖለቲካቸው ለሁለት የተከፈሉ ነበሩ፤ የግራዎቹ ለቀኞቹ ሰላምታ አይሰጡም። መሃል ላይ አንድ ቢጫ ጄሪካን፣ አጠገቡ ደግሞ ነጠላ ያጣፉ ጠና ያሉ ሴት ተቀምጠዋል። እሳቸው የክፍሉ ካቦ ነበሩ፤ ውኃ የሚያከፋፍሉትም የመኝታ ቦታ የሚሰጡትም እሳቸው ናቸው። ሁሉም «እማማ» ይላቸዋል።

«ምን ነክቶሽ ነው ልጄ?»

«ሪላክሰር ነው። ሳልታጠብ አመጡኝ።»

ሌላ ማስረዳት አላስፈለገኝም። እዚያ ክፍል ውስጥ ያ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። አንዷ «ወይኔ!» ብላ የራሷን ጭንቅላት ያዘች።

እማማ ጄሪካኑን አዩት። «ይቺው ናት የቀረችን» አሉ፣ ለኔ ሳይሆን ለክፍሉ። «ለመጠጥ ናት። መቼ እንደሚያመጡልን አይታወቅም።»

 እኔ ዓይኔን ከጄሪካኑ አላነሳሁም። ከዚያ ከግራ በኩል አንድ ድምፅ «ይቅዱላት እማማ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ከቀኝ በኩል «አዎ፣ ይቅዱላት» የሚል መጣ።

ሳፋ አመጡ። ተንበረከክሁ። ፌስታሉን ማን እንዳነሳልኝ አላየሁም። ውኃው ሲነካኝ የጮህኩ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ስጠይቅ ግን ድምፅ አላሰማሁም አሉኝ። የማስታውሰው ጆሮዬን ሞልቶ ያለፈው ቅዝቃዜ ነው። ክፍሉ፣ ጣቢያው፣ ከተማው ሁሉ ጠፍተው እጆች ብቻ ቀሩ፤ የማን እንደሆኑ የማላውቃቸው፣ ከግራም ከቀኝም የመጡ ብዙ እጆች። አንዱ ግንባሬን ደግፎ ይዟል፤ ሌላው ዓይኔን ከልሎልኛል፤ ሌሎቹ በፀጉሬ መሃል ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። ልጅ ሆኜ የት እንዳለሁ ረስቼ የምተኛበት ጊዜ ነበር፤ ያን መሰለኝ።

«አለቀ» አሉ እማማ፣ ጄሪካኑን ገልብጠው።

«ገና ነው፤ ያሟልጫል» አለች ፀጉሬን የያዘችው።

ያኔ ከጥግ አንዲት ሴት ተነሳች። በዕድሜ እንቀራረባለን። ወላጆቿ ከወሎ የመጡ፣ እሷ ግን እዚሁ ፒያሳ ተወልዳ ያደገች፣ የክርና የቁልፍ ሱቅ ያላት ሴት ናት። ከፍራሿ ሥር ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ አወጣች።

«ለሶላትሽ ያስቀመጥሽው አይደለም እንዴ?» አሏት እማማ።

«ነው። ውኃ ሲጠፋ ለሶላት በንጹሕ አፈር መንጻት ይቻላል፣ እማማ። የሷን ራስ ግን በአፈር አላጥበውም።»

ራሷ አጠበችኝ። ጠርሙሱን በጣም በዝግታ ነበር የምታዘነብለው፤ አንዲቷም ጠብታ መንገድ አልሳተችም። ስትጨርስ ሻሿን ፈትታ አደረቀችኝ። ከሻሹ ሥር የወጣው ፀጉሯ ጥቁርና ወፍራም፣ መድኃኒት ነክቶት የማያውቅ ነበር፤ የእህቴን አስታወሰኝና ፊቴን አዞርኩ።

ወዲያው በአቅራቢያው ካለ መስጊድ አዛን ተሰማ። ሻሿን መልሳ አሰረች። ወደ ግድግዳው ሄዳ ቀለሙ ተልጦ ጭቃው የሚታይበት ቦታ ላይ መዳፎቿን ቀስ አድርጋ ለጠፈቻቸው፤ አቧራውን እፍ ብላ ፊቷንና እጆቿን አበሰች። ማሩ ብርሃን ልክ እሷ የቆመችበት ጋ ደርሶ ነበር። ክፍሉ ሁሉ ጠበቃት።

ከሶላቷ ስትመለስ ጭንቅላቴን ከዚህም ከዚያም አየችው። ግራው ተለጥጦ ተኝቷል፤ ቀኙ ተነስቶ ቆሟል።

«እንግዲህ መንግሥትና ተቃዋሚ አንድ ራስ ላይ ተገናኙ» አለች።

መጀመሪያ እማማ ሳቁ። ከዚያ ግራውም ቀኙም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ቆዳዬ እየተሳበ እያመመኝ።

በሚቀጥሉት ቀናት ግራው በኩል ያለው ፀጉሬ ይነቀል ጀመር። ጠዋት ስነሳ ፍራሹ ላይ አገኘዋለሁ። ከጆሮዬ በላይ የቆሰለ ቦታ ወጣ። እህቴ ስንቅ ስታመጣ አንገናኝም፤ ግን ነገሩን ገምታው ኖሮ ከምግቡ ጋር ወፍራም የተልባ ውኃ ላከችልኝ። በር ላይ የነበረችው ሴት ፖሊስ እንደ ደንቡ ቅመሽ ብላታለች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ተልባ ነው፤ ለሆድ» ብላ እህቴ ያን የሚዝለገለግ ነገር ሁለት ጊዜ ተጎነጨች። ይህን የነገረችኝ ከተፈታሁ በኋላ ነው።

ዕቃውን ስከፍተው ለመጠጥ እንዳልተላከ ገባኝ። እሷ ራሷ ፀጉሯን የምታለሰልስበት ነው፤ ዘሩን አፍልታ በነጭ ጨርቅ ታጠልለዋለች። ለኔ ብቻ ብዙ ነበር። ያን ከሰዓት ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ ተካፈልነው። ሰነባብቶ የደረቀ ሹሩባ ተፈታ፤ በጣት ተበጠረ፤ እንደገና ተጎነጎነ። የግራዋ ሴት የቀኟን ራስ ጭኗ ላይ አስተኝታ ስትሠራት ስለ ፖለቲካ አንድ ቃል አልተነሳም። ማን ምን ዓይነት ፀጉር ከእናቱ እንደወረሰ ነበር የሚወራው።

ፍርድ ቤት በምቀርብበት ጠዋት ሴቷ ፖሊስ ጥቁር ሻሽ ይዛ መጣች። «መርማሪው እሰሪው ብሏል። እንዲህ ሆነሽ ዳኛ ፊት አትቀርቢም።»

ስትወጣ እማማ ጠጋ አሉኝ። «እንዳታስሪው። ደበደቡኝ በያቸው። ቁስሉ ይኸው ምስክርሽ።»

«አልደበደቡኝም እኮ፣ እማማ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«ውኃ ከልክለውኝ ነው።»

«እሱን ብትናገሪ ይስቁብሻል።»

«ይሳቁ።»

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተቆጡኝም። የክር ነጋዴዋ የቀረውን ፀጉሬን በተልባ አለስልሳ ወደ ቀኝ ጎነጎነችው። ጫፉን ጎትታ ቁስሉ ላይ ልታሳልፈው ስትል እጇን ያዝኩ።

«አትሸፍኚው።»

«እሺ» አለችኝ።

ችሎቱ ትንሽ ክፍል ነበር። ሻሹን አጥፌ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። መርማሪው አየው። ዳኛው መዝገቡን ሲያገላብጡ ቆይተው ቀና አሉና ዓይናቸው ጭንቅላቴ ላይ ቀረ።

«ራስሽ ምን ሆኖ ነው?»

ተነሳሁ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የመጡት ፀጉሬን ሪላክሰር እየተቀባሁ ሳለ ነው። እህቴ ታጥባ ትምጣ ብትል ከለከሉ። ጣቢያም ብጠይቅ አልተሰጠኝም። ያጠቡኝ አብረውኝ የታሰሩ ሴቶች በመጠጥ ውኃቸው ነው። የመታኝ ሰው የለም።»

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ፤ ሌላም ተከተለው። ዳኛው አልሳቁም። ምናልባት ቤታቸው ሚስት ወይም ልጅ ሲቀቡ አይተው ይሆናል። መርማሪውን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ እሱ ወረቀቱን አስተካከለ። ከዚያ አንድ ነገር ጻፉ፤ ለፖሊስ ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ ፈቀዱ፤ ቀጣዩን መዝገብ ጠሩ።

ስወጣ እህቴን አየኋት። መጨረሻው ወንበር ጋ ቆማ ነበር። ፊቴን አይደለም ያየችው። ሥራዋን እንደምትመረምር ባለሙያ ጭንቅላቴን አየች፤ ቁስሉን፣ ጉንጉኑን፣ የሠራውን እጅ። ከዚያ እንደ መስማማት አንዴ አንገቷን ነቀነቀች።

በማግሥቱ አንድ ፖሊስ ሁለት ሙሉ ጄሪካን በሩ ሥር አስቀምጦ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ውኃ በየጠዋቱ ይመጣ ነበር። ዳኛው አዘው ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የክር ነጋዴዋን ከኔ በፊት ፈቷት። እኔም ክስ ሳይመሠረትብኝ ወጣሁ። ስወጣ ቤታችን ነበረ፤ አሁን የለም። እህቴ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብታለች፤ እኔ አምስት ኪሎ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ።

ሰዎች ይህን ስነግራቸው ከዚያ ወዲህ ሪላክሰር ነክቼ እንደማላውቅ ይገምታሉ። ነክቻለሁ። ከተፈታሁ ትንሽ ቆይቶ፣ ቆዳዬ ሲድን፣ እህቴን ለምኜ ሙሉውን ፀጉሬን ተቀባሁ፣ ግራውንም ቀኙንም። ሰዓቱ ሲደርስ ራሴ ተነስቼ፣ ቧንቧውን ራሴ ከፍቼ ታጠብኩ። ከዚያ በኋላ ነው ይብቃኝ ብዬ የተውኩት። አሁን ፀጉሬ እንደበቀለ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። መስኮት ሥር ተቀምጬ ራሴን ቅባት እቀባለሁ። ከግራ ጆሮዬ በላይ ፀጉር ያልበቀለባት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ቦታ አለች። ቆዳዋ ለስላሳ ነው፣ እንደ ሕፃን። ጣቴ እዚያ ሲደርስ ትንሽ ይቆያል። ከዚያ ያልፍና ሥራውን ይቀጥላል።