አርባ ክንድ ገመድ

በእኛ መንደር ማንም ሳያዘው አውድማ የሚለቀልቅ ወንድ አዝመራው ብቻ ነው። እህሉ ተወቅቶ ከገባ በኋላም በየሳምንቱ እበት በጥብጦ መሀሉን ሲያለሰልስ ይታያል። «ሰውየው አውድማውን ሊድር ነው እንዴ?» እያልን ስንስቅበት ከረምን። ከእበቱ ሥር ስንጥቅ እንዳለ አላየንም። ያ ሳቅ ዛሬም ያንገበግበኛል።

መንደራችን ከወገል ጤና ከተማ ወዲህ፣ ገደል አፋፍ ላይ ናት። አሥር ዓመት ያህል ኦፓል የሚሉትን የከበረ ድንጋይ አወጣንባት። ያኔ ሻይ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ አልጋ ቤቱ ሳይቀር በቅሎ ነበር። ድንጋዩ ሲነጥፍ ነጋዴው እግሬ አውጪኝ አለ፤ እኛም ወደ ገብሳችን ተመለስን። አሁን ጉድጓዶቹን የሌሊት ወፍ ይዟቸዋል።

ቁፋሮው ሕግ ነበረው። ከገደሉ አፍ ወደ ውስጥ አርባ ክንድ አልፎ የሚገባ እንዳይኖር ሁላችንም ቄስ ተክለ ሚካኤል ፊት ምለናል። ከዚያ ወዲያ ከላዩ አውድማው፣ ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ ቆመውበታላ። የየሰዉ ገመድ እሳቸው ፊት ተለክቶ ተቆረጠ። ቆፋሪ አንዱን ጫፍ ከጉድጓዱ አፍ አስሮ ሌላውን ወገቡ ላይ ይቋጥራል፤ ገመዱ ሲወጠር ይመለሳል። ውስጥ ግን ሰው ብቻውን ነው፤ ቋጠሮ ደግሞ በአንድ እጅ ይፈታል።

ዘንድሮ ገብሱ ሲበራይ በሬዎቹ አውድማው መሀል ሲደርሱ እየቆሙ ጆሯቸውን ይቀስሩ ነበር። በጅራፍ ነዳናቸው። አዝመራው ብቻ ጅራፉን ጥሎ ወደ ቤቱ ገባ።

ጥር ላይ የልጁ የየትናየት ሠርግ ደረሰ። ዳሱ አውድማው ላይ እንዲተከል ተቆረጠ፤ ሁለት መቶ ሰው የሚያስጨፍር ሌላ ሜዳ የለንም። አዝመራው ደጃፋችን ይበቃል ቢል ሚስቱ ገለቴ ተቆጣች። «ኧረ ተው በማርያም! አንድ ልጅህን እንደ ሙት ልጅ በጓሮ ልትድራት ነው?» አለችው። እሱም ሆድ ይፍጀው ብሎ ወጣ። በዚያ ሳምንት ከሲታ ፊቱ ይበልጥ ከሳ።

ዳሱ በሚተከልበት ጠዋት ሙሽራይቱ ራሷ ቆማ ታያለች። የመጀመሪያውን ምሰሶ ጉድጓድ ለመማስ ዲጅኖ ሲነሣ አዝመራው ሮጦ መጣና ቦታው ላይ ቆመ።

«ተዉ! ከዚህ ሥር ባዶ ነው። እኔ ነኝ የቆፈርኩት። ገመዴን ፈትቼ ገብቻለሁ» አለ። ከቄሱ እግር ሥር ወደቀ። «አባ፣ ይፍቱኝ። ልጄ እዚህ ላይ አትጨፍር።»

ገለቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አንዳንዱ ተሳደበ፤ እኔም፣ ሐፍረት የለኝም፣ ከሁሉ አስበልጬ ተሳደብኩ። ቄስ ተክለ ሚካኤል ግን አዝመራውን በክንዱ አነሡት። «ከሠርጉ በኋላ ንስሐህን ትቀበላለህ። አሁን ምሰሶውን ወደ ደጃፉ አዙሩት» አሉ።

ሰው ምሰሶ ተሸክሞ ተንጋጋ። የአዝመራው ፊት ከስንት ቀን በኋላ ፈካ አለ። እኔንም አንድ ምሰሶ አሸከመኝና «ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ» አለኝ። የእኔ ጉድጓድ የሚያልቀው እሱ ቤት ሥር ነው። ከጉድጓዴ ጣራ በላይ የምድጃቸው አመድ ሲጠረግ እየሰማሁ ነው ድንጋዩን የነቀልኩት።

«አባ» አልኩ። «ደጃፉም አይሆንም። እዚያ እኔ ነኝ ያለሁት።»

አዝመራው አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ በተሻለኝ። ቄሱ ወደ ቆፋሪዎቹ ሁሉ ዞሩ።

«ገመዱን ያልፈታ እጁን ያውጣ። ዳሱ እሱ ደጅ ይተከላል።»

ሠላሳ አንድ ቆፋሪዎች ነበርን። የትናየት ከአንዱ ወደ ሌላው እያየች እጅ ጠበቀች፤ አንድም አልወጣ። ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለን፣ ድምፅ እንዳያሰሙ መሬት ላይ አስቀመጥናቸው።