በፊሽካ የተባረረው አሰልጣኝ

ልጆች ሆነን ተረት የምንሰማው ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነበር። ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ሠፈር ያደገ ሰው ይህ አይገርመውም፤ ሕንፃው ሁሉ ከሥሩ አንድ የጋራ ማጠቢያ አለው፣ ለየቤቱም ቀን ተመድቦለታል፣ ቀኑን ያሳለፈ ወዮለት። ዓርብ አመሻሽ የጋሽ ደምሴ ተራ ነበር። ጋሽ ደምሴ ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኛ አልጋ ሲገፉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው፤ ለሁለት ሸሚዝና ለአንድ አንሶላ ማሽኑን ሲያስነሡ እኛ የሕንፃው የሐበሻ ልጆች ተግተልትለን እንወርዳለን። መብራቱ ጥቂት ቆይቶ በራሱ ድርግም ይላል፤ ያኔ ታዲያ አንዳችን ተነሥተን ማብሪያውን እስክንጫን ድረስ የጋሽ ደምሴን አገጭ የምታሳየን የማሽኑ ቀይ መብራት ብቻ ነበረች፣ እሳቸውም ተንኮለኛ ናቸውና የተረቱን ክፉ ክፉ ቦታ ለጨለማው ያቆዩት ነበር። በጋ ሲሆን ከሕንፃው ጀርባ፣ ጫካው ጥግ ወዳለው የመጥበሻ ቦታ እንወጣለን፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ረገንስዶርፍ ካለ ገበሬ ያመጡትን የበቆሎ እሸት ፍሙ ላይ እያገላበጡ፣ ጭሱ ዐይናችንን እያስለቀሰን፣ ተረቱ እዚያም ይቀጥላል።

በጋሽ ደምሴ ተረት ውስጥ ጅብም ጦጣም የለም። ያሉት አሰልጣኞች ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ እሳቸው የተማሩበት ኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድን ነበረው፤ አቤት ቡድን! ሲጫወት ሰው አጥሩ ላይ ተሰቅሎ ያያል፣ የሠፈሩ ሱቅ ይዘጋል፣ ዋንጫው ዲኑ ቢሮ ውስጥ ከመጻሕፍቱ ሁሉ በላይ ነው የሚቀመጠው። እሳቸው ደግሞ አስር ቁጥር ለባሽ ናቸው። ከዚያ ክፉ ቀን መጣና በየዓመቱ አሰልጣኝ ይባረር፣ በየዓመቱ አሰልጣኝ ይቀጠር ጀመር፤ ተረቱም እሱ ነው። አንዱ ሳይነጋ እንጦጦ ሲያስሮጣቸው ራሱ መንገድ ላይ ተዘረረ፣ ተጫዋቾቹም ዘለውት አልፈው ሄደው ቁርሳቸውን በሉ። ሌላው ፈረንጅ ነው፣ ጥቁር ሰሌዳ ይዞ መጥቶ ጠመኔውን ከእጁ ሳያስቀምጥ ተባረረ። ጋሽ ደምሴ የእያንዳንዱን አወዳደቅ በእጃቸው፣ በትከሻቸው፣ በአፋቸው ያሳዩናል፤ እኛ የታጠበው ልብስ ላይ እየተንከባለልን ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። ሲባረር የማያስቅ አሰልጣኝ አልነበራቸውም።

ከሁሉም ግን ፊሽካ የሚሉት አሰልጣኝ! ይህ ሰው አፉን ከፍቶ አይናገርም አሉ፤ ነገሩ ሁሉ በፊሽካ ነው። አንዴ ሲነፋ የግራ ክንፉ ይሮጣል፣ ሁለቴ ሲነፋ ተከላካዩ ይወጣል፣ ቤቱ ገብቶ ሚስቱን ሻይ የሚጠይቃት እንኳ በፊሽካ ነው። ጋሽ ደምሴ ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው ሲያፏጩ ምድር ቤቱ ይናጋል፤ እኛንም አንድ በአንድ አስተማሩን፣ እናቶቻችን እስኪያብዱ ድረስ። የፊሽካ መጨረሻው እንዲህ ነው፦ ተማሪው ተመካክሮ ሁሉም የየራሱን ፊሽካ ይዞ ሜዳ ገባ፤ እሱ አንዴ ሲነፋ መቶው ይነፋል፣ ተጫዋቹ የትኛውን ይስማ? ተሸነፉ፣ ሰኞ ዲኑ አባረረው። «ሐሳቡ የኔ ነበር» ይሉን ነበር ጋሽ ደምሴ ደረታቸውን ነፍተው። ወንድሜ ኪሩቤል አንድ ቀን «ሜዳ ውስጥ እየተጫወቱ እንዴት ከተመልካቹ ጋር ነፉ?» ብሎ ቢጠይቃቸው «ያን ቀን እግሬን አሞኝ ነበር» ብለው አለፉት። ኮሌጁ ከዚያ ወዲህ ሌላ ዋንጫ አላየም፣ አሰልጣኝ ቢቀያየር ቢቀያየር ወይ ፍንክች፣ ሜዳውም ዛሬ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። «ቡድኑን የገደለው ፊሽካ ነው» ሲሉን ያኔ እኛም አይተነው በማናውቀው ሰው ላይ ጥርሳችንን እንነክስ ነበር።

በየበጋው የዙሪክና የጄኔቭ የሐበሻ ልጆች ኳስ ይገጥማሉ። እዚህ ላይ አንድ ልማድ አለ። የኛ ሰው ሽማግሌን ፊት ለፊት «በቃዎት» አይልም፣ ነውር ነው። ስለዚህ የተሸነፈው ከተማ ኮሚቴ ከምግብ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ ባለበት አሰልጣኙን ያመሰግናል፣ «ደክመዋል፣ ትንሽ ይረፉ» ይላል፣ አዲስ ጋቢም ያለብሳል። ጋቢ ለበሰ ማለት ተባረረ ማለት ነው። የለበሰውም ብድግ ብሎ ያባረሩትን መመረቅ አለበት። ዙሪክ ዓመት ዓመት እየተሸነፈ ሽዋመንዲንገን ውስጥ ጋቢ የሌለው ሽማግሌ ጠፍቶ ነበር፤ አንዱማ ተመልሶ ተሹሞ ሁለተኛ ለብሷል፣ «እሱን እንግዲህ ብርድ አይነካውም» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

አስራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ጄኔቭ ሄድን። ሜዳው ቬርኒየ የሚባል ሠፈር፣ ጫፉ የማይታይ ረጅም ሕንፃ ሥር ነበር። ጋሽ ደምሴም ሸኚ ሆነው አብረውን መጥተዋል። ሣሩ ላይ ምንጣፍ እየዘረጋን ሳለ አንዲት የጄኔቭ ሴትዮ እናቴን ስታጫውታት ሰማሁ። «ዛሬ ከተሸነፍን አሰልጣኛችን ጋቢ መልበሳቸው ነው» አለች። «ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከነዚህ ልጆች ሌላ ምን አላቸው? ከአልጋ የሚነሡት እኮ ለልምምድ ብለው ነው።» እናቴ ከንፈሯን መጠጠች።

አሰልጣኙ ከሜዳው ጠርዝ ቆመው ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ በዚያ ሙቀት ኮት የለበሱ፣ አንገታቸው ላይ በአረንጓዴ ክር የታሰረ ፊሽካ። አንዴ ነፉ፣ የግራ ክንፉ ልጅ ሮጠ። ሁለቴ ነፉ፣ ተከላካዩ ወጣ። ዞር ብዬ ጋሽ ደምሴን ባይ ኮፍያቸውን ወደ ዐይናቸው አውርደው ዛፍ ጥግ ቆመዋል። ኪሩቤል ሮጦ ሄደና «ጋሽ ደምሴ፣ ፊሽካ ነው አይደል?» አላቸው። አይደለም ማለት ይችሉ ነበር። አንዲት ቃል ነበረች። እሳቸው ግን ፈገግ አሉ።

ጉድ ፈላ! የተረት ጅብ ትራም ሲጠብቅ ብናይ ከዚያ በላይ አንደሰትም ነበር። ሽማግሌው ሰው መሆናቸው፣ ጆሮ ያላቸው መሆኑ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለአንዳችንም አልታየን፤ የተረት ሰው ናቸውና ተረቱ እንደሚያልቀው እንዲያልቁ ጠበቅን። ጨዋታው ሲጀመር ተጫዋቾቻችንም፣ ምንጣፍ ላይ ያለነው ሴት ልጆችም፣ ጣታችንን አፋችን ውስጥ ከተትን። እሳቸው አንዴ ሲነፉ እኛ ሁላችን እናፏጫለን። የጄኔቭ ልጆች መሀል ሜዳ ላይ ቆመው ዐይን ዐይናቸውን ያዩ ጀመር፣ ዳኛው ሁለቴ ተቆጣንና ተወን፣ ወላጆቻችንም «ልጆች ናቸው፣ ይጫወቱ» አሉ። ሁለት ገባ፣ ሦስት ገባ። ከእረፍት መልስ ሽማግሌው ፊሽካውን ከአንገታቸው አውልቀው ኪሳቸው ከተቱና በአፋቸው መጣራት ጀመሩ። ድምፃቸው የለም። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ናትናኤል! ናትናኤል!» ይላሉ፣ ልጁ ግን አይሰማቸውም፣ እኛም በዚያ ብሰን አፏጨን። አቤት ልጅ ሲከፋ! አራት ለባዶ አሸነፍን።

ጋቢው አስቀድሞ ተገዝቶ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። ምግቡ እንዳለቀ የኮሚቴው ሊቀመንበር አመጣውና «አሰልጣኛችን ደክመዋል፣ ይረፉልን» ብሎ ትከሻቸው ላይ ጣለው፣ ከኮታቸው በላይ። ተጨበጨበ። አንድ የጄኔቭ ልጅ ብቻ እጁን ብብቱ ሥር ደብቆ አላጨበጭብም አለ፣ እናቱ ቆነጠጠችው። ሽማግሌው ተነሡ። እንዲያድጉ፣ እንዲማሩ፣ ወላጆቻቸውን እንዲጦሩ እያሉ ሁሉንም መረቁ፣ እኛንም ጭምር። «አሜን» አልን፣ ሳቃችንን በግድ አፍነን።

ከዚያ ኪሩቤል፣ ያ ልብ አውልቅ፣ ጠረጴዛቸው ድረስ ሄዶ «ጋሽ ደምሴ አስር ቁጥር ነበሩ አይደል?» አላቸው። ሽማግሌው ያን ጊዜ ነው ጋሽ ደምሴን ያዩዋቸው። ሽሽት የለም፤ ጋሽ ደምሴ ሳህናቸውን ይዘው ሁለት ወንበር አልፎ ተቀምጠዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ፊሽካ የተባሉት ሰውዬ ልጆቹን አንድ በአንድ ተመለከቱና «አዎ፣ አስር ቁጥሬ ነበር። እንደሱ ያለ ተጫዋች አልነበረኝም» አሉ። እኛ ጮኽን፣ ጋሽ ደምሴን ትከሻቸውን መታን። ሰዉ ዕቃ ለማንሣት ሲበታተን እኔ ብርጭቆ እየሰበሰብኩ ከኋላቸው ነበርኩ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ጎንበስ ብለው፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳይለውጡ፣ እንዲህ አሏቸው፦ «ደምሴ፣ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ማልያ ሰጥቼህ አላውቅም። ዛሬ ሰጠሁህ። ውሰደው።»

ባቡር ውስጥ ልጆቹ ሲጨፍሩ ጋሽ ደምሴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ ዙሪክ ደረስን።

በሚቀጥለው ዓርብ ወረድን። «ፊሽካን!» ብለን ጮኽን። ጋሽ ደምሴ ማብሪያውን ራሳቸው ተጫኑና ጀመሩ፤ ዋንጫው ሁሉ የመጣው በፊሽካ ጊዜ እንደነበር፣ ጫማ ለሌለው ተጫዋች ከደመወዙ ጫማ እንደሚገዛ፣ እግሩ የተሰበረ ልጅ ተሸክሞ ሆስፒታል እንዳደረሰ። ይህን ሲሉ እንባቸው ይመጣ ነበር። አላሳቀንም። አንዱ አዛጋ፣ ኪሩቤል ስልክ አወጣ፣ ሁለት ሦስት ሆነው ስልኩ ላይ ተደፉ። መብራቱ ሲጠፋ ማንም ተነሥቶ አላበራም። በቀጣዩ ሳምንት ሦስት ልጅ ሳይመጣ ቀረ፣ ከዚያ ቀጥሎ እኔም ቀረሁ። በዚያ ከተማ ጆሮ የሚሰጣቸው እኛ ብቻ ነበርን፤ እናቴ ልብስ ልታወጣ ወርዳ ብቻቸውን ማሽኑ ሲዞር እያዩ አገኘኋቸው አለችን፣ እኛም «ታዲያ ምን እናድርግ» አልናት። ኋላ ረገንስዶርፍ ቤት ቀይረው ሄዱ።

ባለፈው ክረምት የድሮ የሠፈር ልጆች ባለንበት የስልክ ግሩፕ ላይ የሐዘን መልእክት መጣ። ሙሉ ስም ከነአባት፣ ጄኔቭ፣ የቀብሩ ሰዓት። አንዷ «ማናቸው?» ብላ ጠየቀች፤ የሚያውቃቸው ጠፋ። ኪሩቤል፣ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ሆኖ፣ «ፊሽካ ናቸው እኮ» ብሎ ጻፈ። ወዲያው ስልኬ በሳቅ ምልክት ተጥለቀለቀ፤ ያ በድምፅ መልእክት ያፏጫል፣ ያቺ «አራት ለባዶ» ትላለች። ነፍስ ይማር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም ትራም ውስጥ ቆሜ፣ ሰው እስኪያየኝ ድረስ ነው የሳቅኩት።

ከነዚያ ምሽቶች ምን ቀረኝ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ። ፍሙ አለ፣ የበቆሎው ሽታ አለ፣ ዛሬም በሁለት ጣቴ አፏጫለሁ፣ ልጄም ተምራለች። የሰውዬውን ስም ያን ቀን ትራም ውስጥ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ መርቀውኝ ነበርና ቢያንስ እሱን ልያዝ ብዬ ነበር። አሁን ጠይቁኝ፣ አላውቀውም።