የበርሜሉን ውስጥ አልነካሁም

በሩ ቆርቆሮ ነው። ከኋላዬ ሲዘጋ ግድግዳው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ ያየሁት ጥግ ላይ የተቀመጠ ቢጫ ጀሪካን ነበር፤ ባዶ። እኔ ደግሞ የታሰርኩት ስለ ውሃ ጠይቄ ነው። እመቤቴን፣ ሳቄ መጣ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈር ስብሰባ ላይ እጄን አንስቼ፣ "ቧንቧችን ከደረቀ ወር ሊሆነው ነው። ውሃው የት ገባ?" አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። መዘዙን የመዘዘው ያ ጭብጨባ ነው። በሦስተኛው ቀን ፖሊሶች ቤቴን ሲፈትሹ ከአልጋዬ ሥር፣ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ የአባዬን አሮጌ ጠመንጃ አገኙ። አያቴ ወታደር ሆነው ሐረር ሲሰፍሩ የያዙት ነው። አባዬ ከሞተ ወዲህ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ማንም አልነካውም። ዝገት ወርሶታል።

ክፍሉ ውስጥ ከድሬ ጠያራ የመጡ አንዲት ጫት ነጋዴ ነበሩ፤ ስልሳን ያለፉ፣ ከኬላ ፈታሽ ጋር ተጣልተው የገቡ።

"ልጄ፣ አንቺ በምን መጣሽ?"

"በውሃ።"

"እኔ በጫት፣ አንቺ በውሃ! ወላሂ ቀጥሎ በአየር ያስገቡናል፣ አቦ!" አሉና ከምንጣፋቸው ግማሹን ለቀቁልኝ።

በታሰርኩ በአራተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። በዕድሜ ታናሼ ነው። አንቺ አለኝ፤ እኔም አንተ አልኩት። ከስብሰባው በኋላ በነበረው ሌሊት አቦከር ሰፈር በኩል ጥይት ተተኩሶ ነበር። "የተተኮሰው በዚህ ነው" አለና ጠረጴዛውን አሳየኝ። የአባዬ ጠመንጃ ተጋድሟል። አጠገቡ ብርጭቆ ወረቀትና የተቆረጠ ሎሚ አለ። ከሰደፉ በላይ ያለውን ብረት አንዱ ፍቆት፣ ጣት የሚያህል ቦታ ጥቁር ቀለሙ ተገፎ ነጭ ሆኗል። ደሜ ፈላ።

"ማነው እንዲህ ያደረገው?"

በር ላይ የቆመው ሳጅን አቀረቀረ።

"እኔን አሰራችሁ፣ እሺ። ብረቱ ምን በደለ?"

መርማሪው ፈገግ አለ። "አባትሽ መሣሪያ ጠጋኝ ነበር አሉ። ፍርድ ቤት እንዲህ ሆኖ አይቀርብም። ውስጡንም ውጪውንም አጽጂው፤ ተባብራለች ብዬ እጽፍልሻለሁ።"

ገባኝ። ውስጡ የጸዳ ጠመንጃ የሚተኮስ ጠመንጃ ነው። ያን ካደረግኩ አሥራ አንድ ዓመት አልተተኮሰም ብል ማን ያምነኛል? ሌላ ምስክር የለኝም። የውስጡ ዝገት ብቻ ነው ያለኝ። እሱ ከሄደ ስንት ዓመት እንደምቀመጥ እግዜር ይወቅ።

ግን ማቀባበያው ዝጎ ነክሷል። እሱ ካልተፈታ ደግሞ ማንም የበርሜሉን ውስጥ ማየት አይችልም። ስለዚህ፣ "እሺ፣ ግን በእኔ መንገድ ነው። ሎሚው ይውጣ፤ ቀለሙን ይበላዋል። ላምባ፣ የስፌት ማሽን ዘይት፣ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ፣ አንድ ቢጫ አሥር ሳንቲም" አልኩት።

ሳጅኑ እያጉረመረመ ጀጎል ገባ፤ መኪና ግርግር ከሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎች ዘይቱን ለምኖ መጣ።

ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። አባዬ "ዝገት ይለመናል እንጂ አይገፈፍም" ይል ነበር። መጀመሪያ ዘይት ቀባሁት። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ ዝም ብሎ መጠበቅ። ሳጅኑ መጠበቅ አልሆንለት ብሎ ይቁነጠነጣል። ዝገቱ ሲርስ ሳንቲሟን አስተኝቼ፣ ሳልጫን፣ በብረቱ ርዝመት ገፋሁ። ቡናማው ጭቃ እየሆነ ተነሳ፤ ከሥሩ ጥቁር ሰማያዊው ወጣ።

"ሳንቲሟ አትቧጭረውም እንዴ?" አለ ሳጅኑ፣ ተጠግቶ።

"ከብረቱ ትለሰልሳለች። የአንተ ብርጭቆ ወረቀት ግን ዝገቱንም ቆዳውንም ነው የላጠው። ና፣ ሞክር።"

ጎንበስ ብሎ ሞከረ። እጁ ከባድ ነው፤ ሁለት ጊዜ እጁን መታሁት። ሴትዮዋ ከክፍሉ በር ሆነው፣ "ማሻአላህ! እስረኛ ፖሊስ ስትመታ አየሁ፤ ከእንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝም" አሉ። ሳጅኑም ሳቀ።

ማቀባበያውን በላምባ አራስኩት። ቀትር ካለፈ በኋላ ተንቋቋና ተከፈተ። ጥይት የለበትም። በደንብ አደረቅኩት፣ የእጄ ላብ እንዳይቀርበት መልሼ ዘይት ቀባሁት፤ ከበርሜሉ ውስጥ ግን ጠብታ እንኳ አላስገባሁም።

መርማሪው መጣ። አገላብጦ አየው፤ ደስ አለው።

"ውስጡስ?"

"የበርሜሉን ውስጥ አልነካሁም። አልነካምም።"

"ለምን?"

"ምስክሬ ነው።"

ፊቱ ጠቆረ። "እዚሁ ትበሰብሻለሽ!"

"እበሰብሳለሁ" አልኩና እጆቼን ወደ ኋላ አጣመርኩ።

"ሳጅን! ዘንግ አምጣና አንተ አጽዳው!"

ሳጅኑ ጠመንጃውን ተቀበለ። ማቀባበያውን አውጥቶ፣ ከኋላ በኩል ዓይኑን አስጠግቶ ወደ ሰማይ አየ።

"ጌታዬ፣ ፀሐይ እንኳ አያሳልፍም። ይሄ ባለፈው ሳምንት የተተኮሰ አይደለም።"

"አጽዳው ነው ያልኩህ!"

"ጠዋት በብርጭቆ ወረቀት አበላሽቼዋለሁ። ሁለተኛ እጄን አላስገባም።"

"ሀቅ ነው!" አሉ ሴትዮዋ።

እኔም እድሌን አላሳለፍኩም። "ያየኸው ቃሌ ላይ ይጻፍ። ካልተጻፈ አልፈርምም" አልኩት። ሳጅኑ ቁጢጥ ብሎ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ፤ ስሙንም ከሥር አሰፈረ። ዘይት በነካ ጣቴ ፈረምኩበት። መርማሪው ጥሎን ሄደ።

ዋጋዬን አገኘሁ። ሁለት ሳምንት ጠያቂ ከለከሉኝ። ሴትዮዋ ከሚመጣላቸው ምግብ ያጎርሱኝ ነበር። ፍርድ ቤት ስቀርብ ዳኛው ወረቀቱን አነበቡ፤ በርሜሉን ወደ መስኮቱ አነጣጥረው ተመለከቱ፣ ለዐቃቤ ሕጉም አሳዩት። "ምን ይታይዎታል?" አሉት። "ምንም" አለ። በዚያው ሳምንት ተፈታሁ።

ጠመንጃው እስካሁን አልተመለሰልኝም። ያ የተፋቀው ቦታ ዘይት ካላገኘ መልሶ እንደሚዝግ አውቃለሁ፤ ያናድደኛል። ሳንቲሟ ግን ጫማዬ ውስጥ ተደብቃ አብራኝ ወጥታለች። ሳጅኑን ገበያ መሐል አገኘዋለሁ፤ ከሩቅ ባርኔጣውን ነካ ያደርግልኛል። በምን እንደቀጡት ጠይቄው አልነገረኝም።

ባለፈው ወር ደግሞ ስብሰባ ተጠራ። ያው አዳራሽ፣ ያው ሰብሳቢ። ጀሪካኔን ይዤ ሄጄ ፊት ተቀመጥኩ። ሲያየኝ ወደ ሌላ ሰው ዞረ። እጄን አነሳሁ፤ ክንዴ እስኪዝል አላወረድኩም። በመጨረሻ ከኋላ "ዕድል ስጧት!" የሚል ድምፅ ሲበዛበት ፈቀደልኝ።

"ባለፈው ጠይቄ፣ መልስ ሳልሰማ ወሰዳችሁኝ" አልኩ። "ካቆምኩበት ልቀጥል። ውሃው የት ገባ?"