ጌታ ስለ ልጄ ቢሮዎቹን በአንድ ጠረጴዛ ሰበሰበ

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔ መድረክ ላይ ቆሜ መናገር የለመድሁ ሰው አይደለሁም። ከድንች ማሳ ወጥቼ ነው የመጣሁ፤ እጄን ብታዩት የጉና አፈር ገና አልለቀቀውም። ግን ጌታ ያደረገልኝን ይዤ ዝም ብል ሆዴ አይችለውም። ስለ ልጄ ስለ ትርንጎ ልመሰክር ነው። ያቻትላችሁ፣ ከእናቷ ጋር ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ጮክ ብላ ብትስቅ እንዳትቆጧት፤ እሷም በራሷ መንገድ እያመሰገነች ነው። ስሙ ይባረክ!

ቤታችን ከገሳይ ከተማ ከፍ ብሎ ነው። ባለቤቴ የሺ ትባላለች፣ ትርንጎ የመጀመሪያ ልጃችን ናት። ምጡ ጠንቶ፣ መንገዱ ርቆ፣ ስትወለድ አላለቀሰችም። ጠቁራ ነው የወጣች። ቆይታ ስትተነፍስ እልል ተባለ። ኋላ ግን የእኩዮቿ አንገት ሲጸና የሷ አልጸና አለ፤ እነሱ ሲድሁ የሷ እጅና እግር ግትር ብሎ ቀረ። ከዚያም መውደቅ መጣ። ዓይኗ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ አረፋ ትደፍቃለች፣ መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል።

ደብረ ታቦር ሆስፒታል ወስደን ያየቻት ሐኪም እንዲህ አለችን፦ "በምጡ ጊዜ አየር አጥሯት አንጎሏ ተጎድቷል። የማንም ጥፋት አይደለም። የሚጥላትን በመድኃኒት እንይዘዋለን፤ ሰውነቷንም በእንቅስቃሴ ሕክምና ማላላት ይቻላል። ብቻ ሳይቋረጥ ነው።"

ሳይቋረጥ! ለአፍ ቀላል ነው ወገኖቼ። መድኃኒቱ ያለው ከተማ ነው። በነጻ እንዲሰጠን የአንድ ቢሮ ድጋፍ ያስፈልጋል፤ ያ ቢሮ ደግሞ "መጀመሪያ ከሐኪም አጽፈህ አምጣ" ይላል። ሐኪሟ በምትገኝበት ቀን የእንቅስቃሴ ሕክምናው የለም። ትምህርት ቤት ስጠይቅ "የምትወድቅ ልጅ ተቀብለን አንድ ነገር ብትሆንስ? ጤናዋን ያረጋግጡልን" አሉኝ። የጤና ሰዎቹ "ተሽከርካሪ ወንበር ብታገኝ መልካም ነው፤ እሱ ግን የእኛ ሥራ አይደለም" አሉ። ወንበር ይሰጣል የተባለው ቢሮ ስደርስ "ተማሪ ብትሆን ኖሮ ቅድሚያ እንሰጣት ነበር" ተባልሁ። ክፉ ሰው አልገጠመኝም፣ እውነቱን ልናገር። አንዳንዱ እንዲያውም ወንበር ስቦ ያስቀምጠን ነበር። ግን እያንዳንዱ የራሱን ደጅ ብቻ ነበር የሚያይ። እኛ ከደጅ ደጅ ስንዞር ትርንጎ ታድጋለች፣ ትከብዳለች፤ አዝላት የምትሄደው የየሺ ወገብ ይጎብጣል።

ታላቅ ወንድሜ አንድ ቀን መጥቶ "አንተ ሰው፣ ማሳህ ዳዋ ዋጠው እኮ! እግዚአብሔር የሰጠህን ተቀበል። ቤት አስቀምጣችሁ አብሏት፣ አጠጧት፣ በቃ" አለኝ። ሲወደኝ ነው፤ አዝኖልኝ ነው። የሺ ከጓዳ ሰምታ ወጣችና "ወንድም ጋሼ፣ በቃ የሚባል ልጅ የለኝም" አለችው።

በዚያ ወራት ጸሎት ከአፌ ጠፋ። አባቴ ጾምና ጸሎታቸውን ያላጎደሉ ሰው ነበሩ፤ እግዚአብሔርን መፍራት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ግን ሰማዩም እንደ ቢሮው "ነገ ተመለስ" የሚለኝ መሰለኝ።

መድኃኒቱ ያለቀብን እንዲህ ስንዞር ነው። በማግሥቱ ልናመጣ ሚኒባስ ተሳፈርን። ጥቂት እንደሄድን ትርንጎን ጣላት። ሌላ ጊዜ ትንሽ አንቀጥቅጧት ይለቃት ነበር፤ ያን ቀን ግን አልለቅ አለ። ከኋላ አንዷ "ክብሪት ጫሩላት! ክብሪት!" ትላለች። ሌላው "ኧረ ጭሱን ተዉት፣ በጎኗ አስተኟት!" ይላል። የሺ ስሟን ትጠራለች። ሾፌሩ ዞር ሳይል "ተሳፋሪዎች ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ከእንግዲህ ወራጅ ቢኖርም አልቆምም" አለና ቀጥታ ሆስፒታሉ በር ላይ አደረሰን። ጌታ ያን ሾፌር ይባርክልኝ!

መርፌ ተወጋች፣ ኦክሲጅን ተደረገላት። መንቀጥቀጡ ቆመ፤ እሷ ግን አልነቃችም። ሐኪሟ መጥታ "መድኃኒቱ ተቋርጦ ነው። የምንችለውን አድርገናል። ትነቃለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ግን ቃል አልገባላችሁም" አለችን።

ከጎናችን ባለው አልጋ እትዬ ዘነበች የሚባሉ ከእብናት የመጡ እናት የልጅ ልጃቸውን ያስታምሙ ነበር። ሕፃኗ በማግሥቱ ጠዋት አረፈች። ዘመዶቻቸው አስከሬኑን ተቀብለው ሊወጡ ሲሉ፣ እትዬ ዘነበች ተመልሰው ወደ እኛ አልጋ መጡ።

"ልጄ፣ የልጅህ ስም ማን ነው?" አሉኝ።

"ትርንጎ ነው፣ እትዬ።"

እጃቸውን ግንባሯ ላይ አኖሩ። "ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ የእኔይቱ አንተ ጋ ናት። ይህችን ትርንጎን ግን ለእናቷ ተውላት" ብለው ጸለዩ። እንባቸው ብርድ ልብሷ ላይ ይወርዳል።

እኔ አልቻልሁም። "እትዬ፣ እርስዎ በዛሬ ቀን እንዴት ይጸልያሉ? ለምነውት አልሰጠዎትም እኮ!" አልኋቸው።

"ልጄ" አሉኝ፣ "እኔ እሱን የያዝሁት የለመንሁትን ሁሉ ስለሚሰጠኝ አይደለም። አንድ ልጁን በመስቀል ላይ ስለ እኛ የሰጠ አባት ነው። የልጅን ሐዘን ያውቃል። ዛሬም ከዚህ በር ስወጣ ብቻዬን አይደለሁም።"

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ።

ወገኖቼ፣ እኔ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ከአልጋው ሥር ተንበርክኬ "ኢየሱስ ሆይ፣ እኚህን እናት የያዘው እጅህ እኔንም ይያዘኝ፤ ሕይወቴን ውሰድ፣ ያንተ ነኝ" አልሁ። ልብ በሉልኝ፣ ትርንጎ ያን ጊዜ አልነቃችም! ትድናለች አትድንም አላውቅም። ያመንሁት ከዚያ በፊት ነው። ውስጤ ግን ዝናብ ጠጥቶ እንዳደረ መሬት ረጋ። ክብር ለስሙ ይሁን! ከሰዓት በኋላ የሺ "ዓይኗ! ዓይኗን ገለጠች!" ብላ ጮኸች። ትርንጎ እናቷን አይታ ፈገግ አለች። ሃሌ ሉያ!

ጌታ ሲጀምር ግማሽ መንገድ ላይ አይተውም። በሆስፒታሉ ሰላም የምትባል ማኅበራዊ ሠራተኛ አለች። መጥታ "መድኃኒቱ ለምን ተቋረጠ?" ብላ ጠየቀችን። የዞርነውን ሁሉ ነገርኋት። አልተቆጣችንም፤ እስከ መጨረሻው ሰማችንና "እርስዎ አይደሉም መዞር ያለብዎት፤ እኛ ነን መሰብሰብ ያለብን" አለችኝ።

እውነትም ሰበሰበቻቸው! ከትምህርት፣ ከማኅበራዊ ጉዳይ፣ ከሴቶችና ሕፃናት፣ ከገሳይ ጤና ጣቢያ የመጡት፣ የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያውም፣ ሐኪሟም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። እኔና የሺም ተጠራን። እኔ በልቤ "ጌታ ሆይ፣ አንተ ግባበት" እላለሁ። መጀመሪያማ ሁሉም "በእኛ በኩል... በእኛ በኩል..." ነው። የትምህርቱ ሰውዬ "መምህራኑ ይፈራሉ" አለ። የሺ ያን ጊዜ ልጅቷ ርሳባት ቅያሪ ጨርቅ ልታወጣ ወደ ዘንቢሏ ጎንበስ ስትል፣ "አንዴ ይያዙልኝ" ብላ ትርንጎን እሱ ጭን ላይ አስቀመጠቻት። ትርንጎም የኮቱን ኮሌታ ጭምድድ አድርጋ ይዛ ሳቀችለት። ሰውዬው ሊያስተካክላት ሲያነሳት ክብደቷን አየው።

"እኅቴ፣ ይህችን አዝለሽ ነው ከገሳይ የምትመጪ?"

"ከገሳይም በላይ ነው ቤታችን" አለችው።

ከዚያ በኋላ "በእኛ በኩል" የሚል አልተሰማም። የጤና ጣቢያው ኃላፊ "መድኃኒቷ ወደ እኛ ይላክ፣ በቅርብ ትውሰድ" አለ። ሐኪሟና የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያው በአንድ ቀን ሊያይዋት ተስማሙ። ማኅበራዊ ጉዳዮች ወንበሩን የማቅረቡን ኃላፊነት ወሰዱ። የትምህርቱ ሰውዬ ትርንጎን እንደያዘ "ስትወድቅ ምን እንደምናደርግ አንድ ሰው መጥቶ መምህራኑን ያሳየን፤ እንቀበላታለን" አለ። ሰላም ወደ እኔ ዞራ "ከእንግዲህ ጉዳይ ሲኖርዎት ወደ እኔ ብቻ ይደውሉ፤ ሌላውን እኔ እጠራለሁ" አለችኝ። በየደጁ ስለምን የኖርሁ ሰው፣ አንድ ሰው ስሙን ነግሮ "እኔ አለሁ" ሲለኝ! ወገኖቼ፣ ጌታ በሰው እጅ ይሠራል!

ሁሉም ነገር ወዲያው ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። ወንበሩ ዘገየ። አንድ ጊዜም መድኃኒቱ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ቀርቶ የሺ እንቅልፍ አጣች፤ ለሰላም ደወልን፣ ከማለቁ በፊት ደረሰልን። ወንበሩ ሲመጣ ደግሞ ከቤታችን እስከ መንገድ ድንጋይ ነው፤ አይገፋም። ማን ደለደለው መሰላችሁ? ታላቅ ወንድሜ! ዶማውን ይዞ መጣና "ልጄ ትምህርት ቤት የምትሄድበት መንገድ ነው" እያለ ድንጋዩን ነቀለው።

አሁን ትርንጎ ተማሪ ናት። ከክረምቱ ወዲህ አልጣላትም፤ ተመስገን! ተደግፋ ትቀመጣለች። በቀደም መምህሯ ደወለችልን። ትርንጎ ጠመኔ ጨብጣ ስትጫወት መምህሯ ልትወስድባት ብትል "እምቢ!" አለች አሉ። ከተወለደች የመጀመሪያ ቃሏ ነው! ሌላው ወላጅ ልጁ እምቢ ሲለው ይቆጣል፤ እኛ ቤት እልልታ ሆነ። በእግሯ አትሄድም ገና። ጌታን እጠይቀዋለሁ፣ አባቴ ነውና። ቢሰጠኝም ባይሰጠኝም የምይዘው እሱን ነው።

ሰላምና ባልደረቦቿ ዛሬም ለሌሎች ልጆች እንደዚያው ይቀመጣሉ። የእስላም ነጋዴ ልጅ አለ፣ የቄስ ልጅ አለች፤ ሁሉም በዚያ ጠረጴዛ ይታያሉ።

አሁን እናንተን ልለምናችሁ። ሸክም የከበዳችሁ ካላችሁ፣ ሁሉ እስኪስተካከል ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ኢየሱስን እመኑት። ቤታችሁ ከመጋረጃ ጀርባ ያስቀመጣችሁት ልጅ ካለም አታፍሩበት፤ ጌታ አላፈረበትም። ሰኞ ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። ልጃችሁን ይዛችሁ ኑ። ብቻችሁን አትገቡም። ጌታ ይባርካችሁ!