ለዳገት የመረጥኩት ብስክሌት

አባቴ በቅሎ ሲገዛ መልኳን አያይም ነበር። ሻጩ ዳገት ለዳገት ሲያስጋልባት ዝም ብሎ ይመለከትና፣ እስቲ አሁን ቁልቁለቱን አውርዳት ይላል። ዳገት ላይ የማትጎብዝ በቅሎ የለችም፤ ጉዷ የሚወጣው ስትወርድ ነው። እዚህ እስራኤል አገር፣ አፉላ መሀል ከተማ ካለ አንድ ብስክሌት ቤት ቆሜ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ሻጩ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው፣ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ብስክሌት እያሽከረከረ ሲያሞግስልኝ፣ በልቤ፣ ወንድሜ፣ ጅራቷን አበጥረህ አትሸጥልኝም አልኩ።

ነገሩ የጀመረው ሥራ ቦታ ነው። በምሠራበት ፋብሪካ ማሽን የሚጠግነው አዛውንት መካኒክና ሁለት ጓደኞቹ ዘወትር ዓርብ ጠዋት ጊቫት ሃሞሬ ተራራ ላይ ብስክሌት ይነዳሉ። እዚያው ተራራው ሥር እንደምኖር ሲሰማ፣ መካኒኩ ምሳ ላይ፣ ብስክሌት ግዛና ከእኛ ጋር ና አለኝ። እሱ እንደ ዋዛ ነው ያለው። እኔ ግን እንደ ዋዛ አልሰማሁትም። ልጆቼ ከእናታቸው ጋር ወደ ደቡብ ከሄዱ ዓመት አልፎ ነበር። ፋብሪካው ከሚዘጋበት ከሐሙስ ማታ እስከሚከፈትበት እሑድ ጠዋት ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳልለዋወጥ የማሳልፈው ሳምንት ብዙ ነው። አገር ቤት ሰው ብቻውን መሆን ቢፈልግስ ማን ይተወዋል!

ስለዚህ በቁም ነገር ያዝኩት። መጀመሪያ ሦስት ዓርብ መንገዱን በእግሬ ሄድኩበት። በጥዶቹ መሀል የሚያልፈው መንገድ ጥቁር ድንጋይ የበዛበት ነው፤ ቀጭን ጎማ አይችለውም። ታች ሜዳው ላይ ደግሞ ዝናብ ከጣለ አፈሩ እንደ እኛ አገር መረሬ ነው፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ጎማውና ጎማውን የያዘው ብረት መሀል ሰፊ ክፍተት ከሌለ፣ ብስክሌት ተሸክሞ መመለስ ይመጣል። የጎማውን ጠርዝ የሚይዝ ፍሬንም ጭቃ ሲነካው ይሰንፋል። በዚያ ላይ ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም፤ ከባድ ከገዛሁ ደረጃው ይጨርሰኛል።

እናም ቀዩን ትቼ ግራጫውን መረጥኩ። ሞላው ከፊት ብቻ ነው፣ ጎማው ሰፊና ጥርሳም፣ ፍሬኑ ባለ ዲስክ። ከዚያ ሻጩን፣ ቁልቁለት የት አለ ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። ቢሆንም ፈቀደልኝና ከሱቁ ጀርባ ባለው ዘቅዛቃ መንገድ ሦስት ጊዜ ወረድኩበት። ምን እዋሻለሁ፣ እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

እሑድ ሥራ ስገባ ለመካኒኩ ነገርኩት። ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ ክብደቱን አንድ በአንድ ጠይቆኝ፣ ጥሩ መርጠሃል አለኝ። ከዚያም፣ “ዓርብ ትመጣለህ?” አለ።

እንግዲህ ጉዴን ስሙ። ለዚህች ጥያቄ ስል ጫካ ለጫካ ስዞር የከረምኩት ሰውዬ፣ አይ፣ እናንተ ፈጣኖች ናችሁ፣ አስቸግራችኋለሁ፣ ሂዱ አልኩት። ምን ላድርግ? እናቴ ያሳደገችኝ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ጥሪ እሺ የሚል ሆዳም ነው። ይጠሩሃል፣ ትግደረደራለህ፤ ይለምኑሃል፣ አሁንም ትግደረደራለህ፤ በሦስተኛው ትነሣለህ። እኔም ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅሁ። እሱ በዕብራይስጥ “በሴደር”፣ እሺ እንደማለት፣ አለና ሳንድዊቹን መብላት ቀጠለ።

ዓርብ ግን ቀድሜያቸው ወጣሁ። መንገድ ዳር ቆሜ ምንም ያልሆነ ሰንሰለት የማስተካክል መስዬ አጎነበስኩ። መጡ፣ ሰላም አሉኝ፣ አብረን እንውጣ አሉ። ቅደሙ፣ እደርስባችኋለሁ አልኩ። ቀደሙ። ሳቃቸው ከዛፎቹ ጀርባ እየራቀ ሲሄድ እሰማ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልጠየቁኝም።

ሁለት ዓመት ብቻዬን ነዳሁ። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል፤ እውነት ነው፣ ተራራው ጫፍ ላይ ሁልጊዜ አንደኛ ነበርኩ። እዚያ ቆሜ ሜዳውን እያየሁ፣ የቱ ጋ እንደከበደኝ፣ የቱን ድንጋይ እንዳለፍኩ ጮክ ብዬ ለራሴ አወራለሁ። ብስክሌቱ አንድም ቀን አላሳፈረኝም። ይሉኝታዬ ነው ጉድ የሠራኝ።

አንድ ቀን መካኒኩ፣ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ታውቃለህ ወይ አለኝ። ወገቡን አሞት ሐኪሙ ዳገት ከልክሎታል። አንዱ ጓደኛው ከተማውን ለቋል፣ ሌላው ልጅ ወልዶ ዓርቡን ትቷል። ደነገጥኩ። ሳላስበው፣ “እኔ እኮ ከእናንተ ጋር መሄድ እፈልግ ነበር” አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። “ብቻህን መሆን የምትወድ መስሎን ነው የተውንህ” አለ።

ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ በእነሱ ተቀይሜ፣ እነሱ ለእኔ ተጠንቅቀው!

አትሽጠው፣ ዓርብ ከእኔ ጋር ውጣ አልኩት። ወገቤስ አለ። ሜዳ ሜዳውን፣ በእርሻው መሀል እንሄዳለን አልኩት። አንተ ለተራራ የገዛኸውን ይዘህ ሜዳ ላይ ምን ትሠራለህ፣ ተወኝ አለና ነገሩ ያለቀ መስሎት መፍቻውን አነሣ። ሁለት ጊዜ እምቢ አለ ማለት ነው። እኔ ግን የእናቴ ልጅ ነኝ። ክንዱን ያዝ አደረግሁና ዕብራይስጡ ቢጠፋብኝ በአማርኛ፣ “በሞቴ” አልኩት።

ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀኝም። መፍቻውን አስቀመጠና፣ ዓርብ ጠዋት፣ ግን ቀስ ብለን አለኝ።

ያን ሁሉ ተጠንቅቄ ለዳገት የመረጥኩት ብስክሌት ከዚያ ወዲያ ዳገት አላየም።