ቀንድ አውጣ ያጣጣለች ደላላ

ሚስቴ የቤት ደላላ ናት። ቤት ስታሳይ ግድግዳውን በጣቷ ታንኳኳለች፣ ቧንቧ ትከፍታለች፣ ሽንት ቤት ገብታ ውሃውን ለቃ ድምፁን ታዳምጣለች። ለደንበኞቿ የምትሰጠው ምክር ግን አንድ ብቻ ነው፦ የወደዳችሁትን አጣጥሉ። ቤቱን እንደወደድክ አከራዩ ካወቀ አለቀልህ ትላለች። ይህ ምክር ከሥራዋ አልፎ ቤታችንም ገብቷል። ለእኔ ሸሚዝ ስትገዛ እንኳ ሻጩ ሊያለቅስ እስኪደርስ ታንቋሽሸዋለች። ያን ሁሉ ስድብ የሰማ ሸሚዝ ለብሼ እንዴት ሰው ፊት እቀርባለሁ?

ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ስትደርስ፣ ከትምህርቷ ጎን ምርምር የምትለማመድበት ላብራቶሪ መምረጥ ነበረባት። ሁለት ቦታ ተገኘላት። አንደኛው መድኃኒት የሚፈተሽበት አዲስ ክፍል ነው፤ ወለሉ ያብረቀርቃል፣ ኃላፊውም "ነገ ጀምሪ" ብሏታል። ሁለተኛው ደረጃ ሥር የተወሸቀ ክፍል ሲሆን፣ እዚያ አንዲት ዶክተር ቀንድ አውጣ ትመራመራለች። ቀንድ አውጣ በልጋጉ መስታወት ላይ ሽቅብ ሲወጣ ለምን አይወድቅም? ጥያቄው ይኸው ነው። ልጄ ይህን ስታወራ እራቷን ትረሳለች። እኔ ስለ ልጋግ እንዲህ በፍቅር ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ለሁለቱም መልስ የምትሰጠው ዓርብ ነው። የዶክተሯ ቦታ ካመለጣት ደግሞ እስክትመረቅ ድረስ ሌላ አይከፈትም።

"ብቻሽን አትሄጂም" አለች እናቷ። "አንቺ ሞኝ ነሽ፣ ፊትሽ ያስታውቅብሻል።"

ዓርብ ሦስታችንም ሄድን። እኔ ሶፋ እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ የተወሰድኩት አባትም አላት ለማሰኘት ይመስለኛል።

ልጄ የቀንድ አውጣዎቹን የመስታወት ሳጥን ስታይ ዓይኗ በራ። እናቷ ወዲያው ክንዷን ቆነጠጠቻትና ግድግዳውን ማንኳኳት ጀመረች።

"እርጥበት አለው" አለች።

"ቀንድ አውጣ እርጥበት ይወዳል" አለች ዶክተሯ።

"ልጄ ግን ሰው ናት። ለመሆኑ የምትቀመጥበት ወንበር የታለ?"

"በተራ ነው የምንቀመጠው።"

"በተራ! ሚጢ፣ ሰማሽ? የዚያኛው ላብራቶሪ ወንበር ይሽከረከራል። ቅዳሜስ ታርፋለች?"

"ቀንድ አውጣ ቅዳሜን አያውቅም" አለች ዶክተሯ ኮስተር ብላ። "ደግሞም የልጅቷ እጅ ይንቀጠቀጣል። ሌሎች ጠያቂዎችም አሉኝ።"

እጇ የሚንቀጠቀጠው እናቷ አሁንም ስላልለቀቀቻት ነው። ዶክተሯ ወደ ልጄ ዞራ "አንቺስ፣ ቦታውን ወደድሽው?" አለቻት። ልጄ እንደተመከረችው "ምንም አይልም" አለች። እንዲህ ስትል ፊቷ ጥርሱ የሚነቀል ሰው ፊት ይመስል ነበር።

ያኔ ሚስቴ የመጨረሻ መሣሪያዋን መዘዘች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ሰቅላ "በሉ እንሂድ፣ ጊዜያችንን ነው ያባከንነው" ብላ ወጣች። ይህን ብልሃት የማያውቅ ገበያተኛ የለም፤ ትሄዳለህ፣ ባለ ዕቃው ይጠራሃል።

"እንዳትዞሩ" አለችን በሹክሹክታ። "ትጠራናለች።"

አልጠራችንም። እርምጃችንን ቀነስን። ሚስቴ ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ቆማ ስለ ጠፋ ጃኬት የተጻፈ ወረቀት እንደ ፈተና አነበበች። ዋናው በር ጋ ስንደርስማ ቀንድ አውጣ ሳይቀድመን አይቀርም ነበር። ዘበኛው "ምን ጠፍቷችሁ ነው?" አለን። የልጄ እንባ መጣ።

"እማዬ፣ አልጠራችንም እኮ።"

"ትንሽ ታገሺ።"

"አልታገስም!" አለችና ዞራ ሮጠች።

እኛም እያለከለክን ተከተልናት። የላብራቶሪውን በር በኃይል ስትገፋው፣ ከበሩ ጀርባ ተለጥፋ የቆመችውን ዶክተር ግንባሯን መታት። ዶክተሯ የቆሻሻ ቅርጫት ይዛለች።

"ቆሻሻ ልደፋ ነበር" አለች ግንባሯን እያሻሸች። ቅርጫቱ ባዶ ነው።

"ዶክተር፣ እፈልገዋለሁ!" አለች ልጄ። "ቆሜ እሠራለሁ፣ ቅዳሜም እመጣለሁ። ካልወሰዱኝ አለቅሳለሁ። ይኸው ጀምሬያለሁ።"

ሚስቴ እጇን ራሷ ላይ ጭና "አለቀልን፣ ሸጠችን!" አለች።

ዶክተሯ ቅርጫቱን አስቀመጠች። "ሌላ ጠያቂ የለኝም" አለች። "ማንም አልመጣም። ልጅቷን ገና ሳያት ነው የወደድኳት፤ ቀድሜ ከተናገርኩ ትኮራብኛለች ብዬ ነው።" ከኪሷ የክፍሉን ቁልፍ አውጥታ ሰጠቻት። ልጄ ቁልፉን ሳመችው፣ ቀጥላ ዶክተሯን ሳመቻት፤ ወደ ቀንድ አውጣዎቹ ስትዞር ነው ይዘን ያስቆምናት። የመድኃኒቱን ኃላፊም እዚያው ሆና ደውላ፣ አመስግና ተሰናበተችው።

ስንወጣ ሚስቴ ደረጃው ላይ ቆማ ልጇን ትክ ብላ አየቻት።

"እምቢ ብትልሽስ ኖሮ?"

"አለቅስ ነበራ።"

"በቃ? ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው፣ እማዬ።"

ሚስቴ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። "እኔ በዕድሜዬ አንድም ነገር እፈልጋለሁ ብዬ ጠይቄ አላውቅም" አለች።

"አሁን ጠይቂ" አልኳት። "ምን ትፈልጊያለሽ?"

ሰው እንዳይሰማት ግራ ቀኝ ተመለከተች።

"ጫማዬ እግሬን በልቶታል" አለች ቀስ ብላ። "መቀመጥ እፈልጋለሁ።"

ሦስታችንም ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ጫማዋን እኔ አወለቅኩላት።